ምዕራፍ 9፦ የሚያፈስ ቦይ ሲዘጋ

ከሚሴ አካባቢ የቦርከናን ውሃ በሞተር ስቦ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይህን ምዕራፍ ለመረዳት የእኔ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም። ሞተሩ ከላይ፣ ውሃው ከታች ነው፤ በመካከላቸው ወፍራም መምጠጫ ቱቦ አለ። ውሃ ውስጥ በሚጠልቀው የቱቦው ጫፍ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት ትንሽ ክዳን ተገጥሟል፤ ባለሱቆች ፉት ቫልቭ ይሉታል። ሞተሩ ሲስብ ክዳኑ ይከፈታል። ሞተሩ ሲጠፋ የወጣው ውሃ በራሱ ክብደት ይከድነዋል፤ የተሳበው ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይቆያል። አንድ ቀን ግን ስንጥር ክዳኑ ሥር ይሰነቀራል። ያን ቀን ሞተሩ ያጓራል እንጂ ማሳው ውሃ አያይም። ልምድ ያለው ገበሬ ሞተሩን መፈታታት አይጀምርም። ቱቦውን ጎትቶ ክዳኑን ያያል።

እግራቸው ላይ ደም ሥር እንደ ገመድ የተወጣጠረባቸውና ማታ ማታ ቁርጭምጭሚታቸው የሚያብጥ ሰዎች ሕመማቸው ከዚህ ክዳን ብልሽት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሐኪሞች ቫሪኮስ ቬን ይሉታል። ሕክምናው ደግሞ ለሰሚው ግራ ነው፦ ደም ሥሩን መዝጋት። የደም መንገድ ተዘግቶ እንዴት ሰው ይድናል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ባት ሁለተኛ ልብ ነው

በሦስተኛው ምዕራፍ ልብ ደምን እንዴት እንደምትገፋ አይተን፣ ከልብ ይዘው የሚወጡትን ቧንቧዎች ደም ቅዳ፣ የሚመልሱትን ደም መልስ ብለናቸው ነበር። እዚያ ሳልመልሰው ያለፍኩት ነገር አለ። ደሙ እግር ጣት ድረስ ከወረደ በኋላ በምን ጉልበት ነው ከአንድ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣው? የልብ ግፊት እዚያ ሲደርስ አልቋል ማለት ይቻላል።

አማርኛ «ደም ሥር» ይላል። የከሚሴ ሰው በኦሮምኛ «ሂዳ ዺጋ» ይላል፤ ትርጉሙ ያው የደም ሥር ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ከዛፍ ሥር ጋር ማመሳሰላቸው ደስ ይለኛል፤ ሥር ከታች ወደ ላይ ነውና የሚስበው። ለደም መልስ የሚሆን ስም ነው።

ሥራውን የሚሠራው ባት ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ይኮማተርና በመካከሉ የሚያልፉትን ደም መልሶች ይጨምቃቸዋል። ላም ያለበ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ጡቱ ከላይ ተይዞ ሲጨመቅ ወተቱ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ባት የሚያልበው ተገልብጦ ነው፤ ከታች ያለው ክዳን ይዘጋል፣ ደሙ ወደ ላይ ይሄዳል። ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት እንዲህ ያሉ ስስ ክዳኖች በየርቀቱ ተሰድረዋል፤ እያንዳንዳቸው እንደ እጅ መዳፍ የሚገናኙ ሁለት ስስ ሽፋኖች ናቸው።

ቁጥሩን ላስቀምጥ። በአምስተኛው ምዕራፍ የደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንደሚለካ አይተናል። ዝም ብሎ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ባለው ደም መልስ ውስጥ ግፊቱ ከ80 እስከ 90 ይደርሳል። ያው ሰው ጥቂት ሲራመድ ከ30 በታች ይወርዳል። ክዳኖቹ የተበላሹበት ሰው ግን ቢራመድም ግፊቱ ብዙም አይወርድለትም። ቀኑን ሙሉ እግሩ የቆመ ያህል ነው።

በገዛ ክንድዎ ይሞክሩት

ክዳኖቹ መኖራቸውን በእኔ ቃል አይመኑ። ክንድዎን ወደ ታች አንጠልጥለው ከክርንዎ በላይ መሐረብ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ደም ሥሮቹ ሲነፉ እዚህም እዚያም ትንንሽ ቋጠሮ ያያሉ፤ ክዳኖቹ ያሉት እዚያ ነው። አንዱን ደም ሥር ወደ አንጓዎ በኩል በአንድ ጣት ተጭነው ይያዙት። በሌላው ጣት ከዚያ ተነሥተው ወደ ክርንዎ አቅጣጫ አንድ ቋጠሮ እስኪያልፉ ጠርገው ይልቀቁ። የጠረጉት ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ደም ከቋጠሮው አልፎ አይመለስም። አሁን የታችኛውን ጣት ያንሱ። ከታች በኩል ወዲያው ይሞላል። መሐረቡን መፍታት አይርሱ።

ይህን ሙከራ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በ1628 (የዚህ ምዕራፍ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ከነሥዕሉ አቅርቦታል። ደም እንደሚዞር ካሳመነባቸው ማስረጃዎች አንዱ ነበር። በጣሊያን ፓዶቫ ያስተማረው ፋብሪሲየስ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1603 ስለ ክዳኖቹ ብቻ ጽፎ በሚያምር ሥዕል አሳትሟል፤ ሥራቸው ግን ደሙ ወደ እጅና እግር እንዳይጋልብ ማዘግየት ብቻ መሰለው። ተማሪው ሃርቪ ነው ትርጉሙን ያገኘው።

ውሃ የተኛበት ማሳ

በከሚሴ ዋና መንገድ ዳር ምግብ ቤት የምታበስል አንዲት እናት አውቃለሁ። ስሟ ይቅር። ሌሊት ትነሣለች፣ ከአዲስ አበባም ከደሴም የሚመጣው መንገደኛ እስኪያልቅ ምድጃ ፊት ትቆማለች። አምስት ልጆች ወልዳለች። የግራ እግሯ ውስጠኛ ጎን ከጉልበት ጀምሮ ቁልቁል የተጠማዘዘ ደም ሥር ነበረው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ፣ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቁርበት ይጠነክራል። አንድ ቀን የማገዶ ጫፍ ጫረው። ጭረቱ ቁስል ሆነ፣ ቁስሉም ወራት አለፈው።

ጎረቤት «ሲሕር ረግጣ ነው» አለ። ሌላዋ ዋግምት ይደረግላት አለች። ከመድኃኒት ቤት ቅባትና የባክቴሪያ መድኃኒት ሦስት ጊዜ ተገዛ። «አብሽሪ፣ ይድናል» ያላላት ሰው የለም፤ ማንም ግን ቁስሉ ለምን አልድን እንዳለ አልነገራትም።

ጨፋ ሜዳ ላይ ውሃ የተኛበት ማሳ ያየ ሰው ግን ይነግራት ነበር። ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርበትም አይለመልምም፤ ሥሩ የታፈነው በምግብ እጥረት አይደለምና። መጀመሪያ ውሃው መጠንፈፍ አለበት። እግርም እንደዚያው ነው። ወደ ላይ መውጣት ያቃተው ደም ታች ይተኛል፤ ግፊቱ ፈሳሹን ወደ ሥጋው ያንጠፈጥፋል፤ ቀይ የደም ሕዋሳትም አብረው ሾልከው ይፈርሳሉ። በውስጣቸው ያለው ብረት ቆዳው ውስጥ ይቀራል፤ ጥቁረቱ በከፊል ዝገት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በታፈነ ሥጋ ላይ ቅባት መቀባት ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ማዳበሪያ መበተን ነው።

ክዳኖቹ የሚላሉበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው፦ ከወላጅ የሚወረስ ድክመት፣ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ቀደም ሲል ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም። መቆም ደግሞ ያባብሰዋል። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከጠዋት እስከ ማታ ዕቃዋ ፊት የምትቆም ነጋዴ፣ ጸጉር አስተካካይ፣ አስተማሪ፣ አስተናጋጅ፤ እነዚህ ሁሉ ባታቸውን ሳያልቡ የሚውሉ ናቸው። የቆላው ሙቀት በበኩሉ ደም ሥሮችን ያሰፋል።

የሚያፈሰውን ለምን እንዘጋለን?

የእግር ደም መልሶች ሁለት ቤት ናቸው። ጥልቆቹ በጡንቻዎች መካከል ያልፋሉ፤ ከእግር ከሚመለሰው ደም ወደ ዘጠኝ አሥረኛ ገደማውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ከቆዳ ሥር ያሉት የቀረውን ጥቂት ይይዛሉ። ከእነዚህ ረጅሙ ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ተነሥቶ እስከ ብሽሽት ይወጣና እዚያ ወደ ጥልቁ ይገባል። ሐኪሞች ሳፌና ይሉታል። በዓረብኛ የሕክምና መጻሕፍት ሷፊን ነው፤ የላቲኑ ስም ከዚያ ተወሰደ የሚሉ አሉ፣ የለም ከግሪክ ነው የሚሉም አሉ። ክርክራቸውን እንተወውና ወደ ቦያችን እንመለስ።

አንድ ገበሬ ሁለት ቦይ አለው እንበል፤ ዋናውና በጎን ያለ ትንሽ። ሞተሩ ውሃውን ወደ ላይ ያወጣል። የትንሹ ቦይ ግድብ ተሰብሮ ግን የወጣው ውሃ በዚያ በኩል ተመልሶ ወንዝ ይገባል። ሞተሩ ያንኑ ውሃ ደግሞ ያወጣል፣ ያው ይመለሳል። ነዳጅ ያልቃል፣ ከታች ያለው መሬት ይረጥባል፣ ማሳው ግን አልጠጣም። እዚህ ላይ ትንሹን ቦይ የሚዘጋ ገበሬ ውሃ ከለከለ ይባላል? በሣርና በድንጋይ አፉን ቢደፍነው ያጣው ነገር የለም። ውሃው መጀመሪያም በዋናው ነበር የሚሄደው። ትንሹ ቦይ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ቀዳዳ ሆኗል።

የተበላሸ ሳፌናም እንዲህ ነው። ጥልቁ ደም መልስ ያወጣው ደም ብሽሽት ላይ ሲደርስ ከፊሉ በላላው ክዳን ሾልኮ በሳፌናው ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ወደ ጥልቁ ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ይወጣል። ይህ ደም ልብ አይደርስም። እግር ውስጥ ይዞራል። ሳፌናው ሲዘጋ ዙረቱ ይቆማል፣ የጥልቁ ሸክም ይቀላል። የተዘጋውን ቧንቧ ሰውነት በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ቀጭን ክር ይለውጠዋል።

ምሳሌው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ እሱም ከባድ ነው። ዋናው ቦይ ክፍት መሆን አለበት። ጥልቁ በረጋ ደም ከተዘጋ፣ ያ ያበጠ የቆዳ ሥር ደም ሥር ማምለጫ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መዝጋት በጥፋት ላይ ጥፋት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የትኛውንም ደም ሥር ከመንካቱ በፊት በአልትራሳውንድ ያያል። ነፍሰ ጡሮች ከሚያውቁት መሣሪያ ጋር ዘመድ ነው፤ ይኸኛው የደሙን አካሄድ በቀለም ያሳያል። ሕመምተኛው ይቆማል፣ ባቱ ተጨምቆ ይለቀቃል። ደሙ ሽቅብ ይወጣና ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥ ይላል። ከላላ ቀለሙ ተገልብጦ ቁልቁል ሲፈስ ይታያል። ከቆዳ ሥር ባለ ደም መልስ ውስጥ ይህ የኋልዮሽ ፍሰት ከግማሽ ሴኮንድ ካለፈ ክዳኑ ሥራ አቁሟል ይባላል።

አልጋ የማያስይዘው ሕክምና

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ባብኮክ በ1907 በደም ሥሩ ውስጥ ሽቦ አሳልፎ ከእግር መንቀል የሚቻልበትን ዘዴ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሠርት ዓመታት ሕክምናው በመሠረቱ ይኸው ነበር፦ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ፣ የበለዘ ጭን። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ቀዳዳውን ማስወገድ። ቦይ ለመድፈን ግን መሬቱን መንቀል የግድ ነው?

አይደለም። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ደም ሥሩን ከውስጥ በሙቀት የሚዘጋ መሣሪያ ተፈቀደ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌዘር ተከተለ። ዛሬ ክፍሉ ተራ የሐኪም መመርመሪያ ክፍል ነው። ሕመምተኛው ነቅቶ ይተኛል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ጉልበት አካባቢ በመርፌ ወደ ደም ሥሩ ይገባና ቀጭን ቱቦ እስከ ብሽሽት አቅራቢያ ይገፋል። ቀጥሎ በደም ሥሩ ዙሪያ በጨው ውሃ የቀጠነ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ይህ ውሃ ሕመሙን ያጠፋል፣ ደም ሥሩን ጨምቆ ባዶ ያደርጋል፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋም ከሙቀቱ ይጋርዳል። ከዚያ የቱቦው ጫፍ ይሞቃል። በስፋት በሚሠራበት ዓይነት ሙቀቱ 120 ዲግሪ ነው፤ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍል በ20 ሴኮንድ ይዘጋል፣ ቱቦው ወደ ታች ይሳባል፣ ቀጣዩ ይዘጋል። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እግሩ በፋሻ ይታሰርና ሰውየው በገዛ እግሩ ይወጣል። እንዲራመድ ይታዘዛል እንጂ እንዲተኛ አይነገረውም፤ ባቱ መታለብ አለበትና።

ሌላው መንገድ አረፋ ነው። አንድ እጅ መድኃኒትና አራት እጅ አየር በሁለት ሲሪንጅ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲገፉ እንደ ማኪያቶ አረፋ ይሆናሉ። ፈሳሹ ብቻውን ቢወጋ ደሙ ያቀጥነው ነበር፤ አረፋው ግን ደሙን ገፍቶ ራሱ የደም ሥሩን ግድግዳ ይነካል፣ ግድግዳው ተቆጥቶ ይጣበቃል። ለዚህ ማሞቂያ መሣሪያም አያስፈልግም።

ማስታወቂያዎች «በሌዘር» የሚለውን ቃል ያደምቁታል። በእኔ ዕይታ የዚህ ታሪክ ባለውለታ ሌዘሩ አይደለም። ካሊፎርኒያዊው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን በ1987 ለሌላ ሥራ፣ ስብ ለመምጠጥ፣ ያሳተመው የቀጠነ ማደንዘዣና የአልትራሳውንዱ ዓይን ናቸው ሕመምተኛውን ከአልጋ ያስነሡት።

እንከን የለውም አልልም። ቆዳው ሊበልዝ፣ ለወራትም ሊደነዝዝ ይችላል፤ ጥቂቶች ላይ ደም በጥልቁ ይረጋል። ዝንባሌው በሰውየው ውስጥ ስላለ ከዓመታት በኋላ ሌላ ደም ሥር ሊላላ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ሴትም አይሠራም፤ ከወለደች በኋላ ብዙው እብጠት በራሱ ይቀንሳል።

ከሚሴ ላይ ሆኖ

ለዚህ ሕክምና ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚነሣ ሰው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ያዞራል፤ ከከሚሴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ ራሱ ለላላ ደም ሥር ፈተና ነው። ሸዋ ሮቢትም ደብረ ሲናም ላይ መኪናው ሲቆም ወርደው ይራመዱ፤ ወንበርዎ ላይ ሆነው ቁርጭምጭሚትዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ስለ መልስ ጉዞው ቀን ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ።

ግን አንድ ጥናት ልንገርዎ። በ2018 ውጤቱ በታተመው በዚህ ጥናት የእንግሊዝ ሐኪሞች በዚህ ዓይነት የእግር ቁስል የተያዙ 450 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም በፋሻ ታሰሩ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ደም ሥራቸው ቶሎ ተዘጋላቸው። ደም ሥራቸው ከተዘጋላቸው መካከል ግማሾቹ በ56 ቀን ውስጥ ድነዋል፤ ከሌሎቹ መካከል ግማሾቹ በ82 ቀን። ዓለም 56ን አጨበጨበለት። ጥናቱን ከሚሴ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን ትልቁ ዜና 82 ነው። በጥሩ ሁኔታ የታሰረ ፋሻ ብቻውን ወራት የቆየን ቁስል ሊያድን ይችላል።

ጥሩ ሁኔታ ማለት ይህ ነው። ጠዋት እግሩ ሳያብጥ ይታሰራል። ከጣቶች ሥር ተጀምሮ፣ ተረከዝን ሳይዘል፣ ከጉልበት በታች ያበቃል። ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይላል። ተገላቢጦሹ፣ ከላይ ጠብቆ ከታች የላላ ፋሻ፣ ቦዩን ከላይ መገደብ ነው። ከሁሉ በፊት ባለሙያ የእግሩን ትርታ ይፈትሽ፤ የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ሲካፈል ከ0.8 ካነሰ ደም ቅዳው ጠብቧልና ጠንካራ ፋሻ አይታሰርም። ስኳር ያለበት ወይም የሚያጨስ ሰው ይህን አይዝለለው። ጣቶች ከጠቆሩ ወይም ሕመም ከጨመረ ፋሻው ይፈታል። የከሚሴ ሙቀት ውስጥ እንደ ፋሻው እግርን የሚጨምቅ ጠባብ ካልሲ ማጥለቅ ቅጣት መሆኑን አውቃለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀመጥ ጠንካራ ካልሲ የሚለበስ ለስላሳው ይሻላል።

ሁሉም የእግር ሕመም ይህ አይደለም፤ ቦታው ይናገራል። የደም መልስ ቁስል ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውስጠኛው ጎን ነው። ዝሆኔ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ይጀምራል፤ ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር በባዶ እግር ከሚረገጥ ቀይ አፈር ጋር ያያያዘው እሱን ነው። ውስጥ እግር ላይ የሚወጣ የማያምም ቁስል ደግሞ ነርቭ መጎዳቱን ያመለክታል፤ ስኳር ወይም የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሥጋ ደዌና ለቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግሩን የሚያጥብ ሰው በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ገና ሲጠቁር፣ ገና ሲያብጥ የማየት ዕድል አለው። ውዱእ ሲያደርጉ ቁርጭምጭሚትዎን ልብ ብለው ይዩት። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረ፣ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ደም ነው። ያበጠ ደም ሥር በትንሽ ጭረት ሊፈነዳና ሊያስደነግጥ ይችላል፤ በዋግምት ጊዜ እዚያ ላይ ምላጭ ማሳረፍ የማይገባውም ለዚህ ነው። ሰው ሲደነግጥ ከቁስሉ በላይ በገመድ ያስራል፤ የሚመለሰውን ደም ከላይ ገድቦ መድማቱን ያብሰዋል። አይሰሩት። የሚደማውን ሰው ያስተኙት፣ እግሩን ከልቡ በላይ ያንሡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀዳዳውን ተጭነው 10 ደቂቃ ሳይገልጡ ይያዙት። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ሲወስዱትም እግሩ ወደ ላይ እንደተነሣ ይሁን።